ነዋሪው ማን ነው? የካንሳስ ቴሪቶሪ፣ ባርነትና የመራጮች መዝገብ

በአሜሪካ ለምርጫ የሚመዘገብ ሰው ዜግነቱን በሰነድ ማስረዳት አለበት ወይስ በመሐላ መፈረሙ ይበቃል? ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። የተወካዮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2025 ሰነድ የሚያስገድድ ረቂቅ ሕግ አሳልፏል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ካንሳስ ግን ይህን መንገድ ቀድማ ሞክራዋለች። ከ2013 ጀምሮ የልደት የምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርት ወይም የዜግነት ሰርተፍኬት ያላቀረበ አመልካች ምዝገባው እንዲታገድ ተደረገ፤ ከ31,000 በላይ ሰዎችም በዚህ ምክንያት ከመዝገብ ውጭ ቀሩ። በ2018 የፌዴራል ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው፤ በ2020 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን አጸና። በችሎቱ ሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ወደ ኋላ ተሂዶ ሲመረመር፣ በካንሳስ መዝገብ ውስጥ የገቡት ዜጋ ያልሆኑ ሰዎች ቢበዙ 39 ሆነው ተገኙ።

ይህችው ካንሳስ በአሜሪካ ታሪክ ነዋሪ ያልሆኑ ሰዎች በሺዎች ተሰልፈው ድምፅ የሰጡባት ምድር ናት። ያኔ ለውሳኔ የቀረበው ጉዳይ ሰው እንደ ከብት የሚሸጥ የሚለወጥ ንብረት ይሁን አይሁን የሚል ነበር። የካንሳስ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በጠመንጃና በደም ነው፤ «የምትደማው ካንሳስ» የሚለው ስምም ከዚያው የመጣ ነው። ደሙ እውነት ነው። ጦርነቱን የወለዱት ግን አንድ ያልተፈታ ቃል፣ የአንድ ምርጫ ጣቢያ ጠረጴዛና አንድ የተፈረመ ማረጋገጫ ናቸው። ዛሬ ስለ ምርጫ ማጭበርበር የሚከራከር ሰው ማጭበርበር በየትኛው በር እንደሚገባ ከዚያ ቢማር ይጠቀማል።

ነገሩ የሚጀምረው ከ1820 ነው። በዚያ ዓመት ኮንግረስ ሚዙሪን ባርነት የተፈቀደባት ክፍለ ግዛት አድርጎ ሲቀበል፣ ከፈረንሳይ በተገዛው (የሉዊዚያና ግዢ በሚባለው) በቀረው ምድር ላይ ከ36 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ኬክሮስ በስተ ሰሜን ባርነት ለዘላለም እንዲከለከል ደነገገ። ካንሳስ ከዚያ መስመር በላይ ናት። ስለዚህ ለ34 ዓመታት ጉዳዩ የተዘጋ ይመስል ነበር። የሴኔት የቴሪቶሪዎች (ገና ክፍለ ግዛት ያልሆኑ ምድሮች) ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበረው የኢሊኖይ ሴናተር ስቲቨን ዳግላስ ግን ምዕራቡ ቶሎ እንዲደራጅና የባቡር ሐዲድ እንዲዘረጋበት ይፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ የደቡብ ሴናተሮች ድምፅ ያስፈልገዋል። የከፈለው ዋጋ የ1820ው ክልከላ መሻር ሆነ። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ፒርስ የካንሳስና ነብራስካ ሕግን በግንቦት 30 ቀን 1854 ፈረመ።

ሕጉ ባርነትን አልፈቀደም፤ አልከለከለምም። የአካባቢው ሕዝብ «የቤት ጉዳዩን» እንደ ፈቃዱ እንዲወስን ተወው፤ ዳግላስ ይህን የሕዝብ ሉዓላዊነት ይለው ነበር። ሐሳቡ ለጆሮ ያምራል። ሁለት ጥያቄዎች ግን ሳይመለሱ አለፉ። የመጀመሪያው «መቼ?» ነው። ሰሜኖቹ የቴሪቶሪው ምክር ቤት ከመጀመሪያው ቀን ባርነትን መከልከል ይችላል ብለው አነበቡት፤ ደቡቦቹ ደግሞ ክፍለ ግዛት ለመሆን ሕገ መንግሥት እስኪጻፍ ድረስ ማንም መከልከል አይችልም አሉ። ሁለቱም ወገን በየራሱ ንባብ ድምፅ የሰጠው ሕጉ ደብዛዛ ሆኖ በመጻፉ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ሕዝቡ ማን ነው?» የሚለው ነበር፤ ካንሳስን ያነደዳትም እሱ ነው። በመጀመሪያው ምርጫ ድምፅ መስጠት የሚችለው ዕድሜው ከ21 በላይ የሆነ፣ ነፃ፣ ነጭ፣ ወንድ፣ በቴሪቶሪው ውስጥ «በእርግጥ የሚኖር» ሰው ነው ተባለ። ስንት ቀን የኖረ? ስንት ወር? ሕጉ አይናገርም። በጠዋት ገብቶ «ልኖር ነው የመጣሁት» የሚል ሰው ከሰዓት በኋላ ነዋሪ መሆን አለመሆኑን የሚፈርደው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ምርጫ አስፈጻሚ ብቻ ሆነ።

የመሬቱ ሁኔታ ይህን ክፍተት ይበልጥ አሰፋው። ቴሪቶሪው ሲከፈት በሕግ ለሰፋሪ የተዘጋጀ መሬት አልነበረም ማለት ይቻላል። ምሥራቁን የያዙት ደላዌር፣ ሾኒ፣ ፖታዋቶሚና ሌሎች ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከዚህ በፊት ከምሥራቅ ተገፍተው «ይህ ለዘላለም የእናንተ ነው» ተብለው የሰፈሩ ነበሩ። ሕጉ በወጣበት ሰሞን በተፈረሙ ውሎች አብዛኛውን መሬታቸውን እንዲለቁ ተደረገ። ገና አልተቀየሰም። ሰፋሪው 160 ኤከር መርጦ፣ ቤት ሠርቶበት ተቀምጦ፣ በኋላ ኤከሩን በ1.25 ዶላር የመግዛት ቅድሚያ ነበረው። ቀያሽ ከመምጣቱ በፊት ግን ይዞታን የሚያሳየው ምልክት ብቻ ነው፤ ዛፍ ላይ ስም መቅረጽ ወይም አራት ግንድ በአራት ማዕዘን ማጋደም። ከሚዙሪ ወንዝ ማዶ ያሉ ብዙ ሰዎች በ1854 አጋማሽ ተሻግረው ግንዳቸውን አጋድመው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ምርጫ ሲመጣ «እዚህ ይዞታ አለኝ» ይሉ ነበር። ከፊሎቹ በእርግጥ ሊሰፍሩ ያሰቡ ነበሩ። በአሳቢውና በአጭበርባሪው መካከል ያለውን መስመር ሕጉ አላሰመረውም።

ሚዙሪዎች ይህን ያህል የተጉበት ምክንያት በሒሳብ የሚገባ ነው። በምዕራብ ሚዙሪ በወንዙ ዳርቻ ያሉ አውራጃዎች ሄምፕ (ለገመድ የሚሆን የቃጫ ተክል) እና ትምባሆ የሚያለሙት በባርነት በተያዙ ሰዎች ጉልበት ነበር። በምሥራቅ ኢሊኖይ፣ በሰሜን አይዋ ነፃ ናቸው፤ ካንሳስም ነፃ ከሆነች ሚዙሪ በሦስት በኩል ለማምለጫ በር ትከፈታለች። ጤነኛ ጎልማሳ ሠራተኛ በገበያው 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ በሚሸጥበት ዘመን፣ ጌታው ሀብቱን ሕጉ ወዳልለየለት አገር ይዞ አይሄድም። ነፃ ገበሬ ግን በሬውንና ማረሻውን ይዞ መምጣት ይችላል፤ ሕጉ ቢቀየርበትም ንብረቱ በእግሩ ሄዶ አያመልጥበትም። ስለዚህ የባርነት ወገን ሕጉን ከሰፋሪው አስቀድሞ ማግኘት ነበረበት። ጊዜ በረዘመ ቁጥር ተሸናፊ እንደሚሆን የሚዙሪው ሴናተር ዴቪድ አቺሰንና ጓዶቹ በሚገባ ያውቁ ነበር።

በዚህ ላይ ወሬ ተጨመረ። በማሳቹሴትስ ኢላይ ታየር ሰፋሪዎችን የሚረዳ ኩባንያ ሲያቋቁም ፈቃዱ እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር ካፒታል የሚል ነበር፤ 20,000 ሰው ይላካል ተብሎም ተወራ። የሚዙሪ ጋዜጦች ይህን እንደተፈጸመ ነገር አድርገው ጻፉት። በነሐሴ 1 ቀን 1854 ሎረንስ የምትባለው ከተማ በምትቆረቆርበት ቦታ የደረሰው የኩባንያው የመጀመሪያ ቡድን 29 ሰው ነበር። ኩባንያው መጋዝ፣ ሆቴልና ቅናሽ የጉዞ ቲኬት አቀረበ እንጂ ያን ያህል ገንዘብ አይቶ አያውቅም። ከሰሜን የመጣው ሰፋሪ አብዛኛው ከኦሃዮ፣ ከኢንዲያናና ከኢሊኖይ አካባቢ በራሱ ወጪ መሬት ፍለጋ የመጣ ነበር። ቢሆንም ሚዙሪዎች «እነሱ በገንዘብ የተላከ መራጭ ካመጡ እኛስ ለምን አንሻገርም?» የሚል ሰበብ አገኙ።

የመጀመሪያው ሙከራ በኅዳር 29 ቀን 1854 የኮንግረስ ተወካይ በሚመረጥበት ዕለት ተደረገ። ከ2,800 በላይ ድምፅ ተሰጠ፤ በኋላ የመረመረው የኮንግረስ ኮሚቴ 1,729ኙ ሕገ ወጥ መሆናቸውን አገኘ። «110» በሚባለው ጅረት አካባቢ ባለ አንድ ጣቢያ 604 ድምፅ ተቆጥሮ ሕጋዊው 20 ብቻ ነበር። በሚያስገርም ሁኔታ ይህ ማጭበርበር ለውጤቱ አያስፈልግም ነበር፤ ነፃ ግዛት ፈላጊዎቹ ገና ስላልተደራጁ የባርነት ወገን ዕጩ ጆን ዊትፊልድ ያለዚያም ሊያሸንፍ ይችል ነበር። ዋናው ነገር ልምምዱ ነው። አስቁሞ የጠየቃቸው አልነበረም።

አገረ ገዥው አንድሪው ሪደር በ1855 መጀመሪያ ቆጠራ አስደረገ። ከ8,500 በላይ ነዋሪ ተቆጠረ፤ ከዚያ ውስጥ መምረጥ የሚችለው 2,905 ነው፤ በባርነት የተያዙት ወደ 200 ይሆናሉ። የቴሪቶሪው ምክር ቤት 13 የላይኛና 26 የታችኛ ቤት አባላት የሚመረጡበት ቀን መጋቢት 30 ተባለ። በዚያን ዕለት 6,307 ድምፅ ተሰጠ፤ ከመራጩ ቁጥር ከሁለት እጥፍ በላይ። ኮሚቴው ሕገ ወጥ ነው ያለው ድምፅ 4,908 ደርሷል።

አሠራሩን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል፤ ይህ ድንገተኛ ግርግር አልነበረምና። በሚዙሪ ሰማያዊ ሎጅ በሚባሉ ምስጢራዊ ማኅበራት አማካይነት ሰውና ስንቅ ተሰበሰበ። ሎረንስ ላይ በምርጫው ዋዜማ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎች በጋሪና በፈረስ ደርሰው ከከተማዋ አጠገብ ባለ ሸለቆ ድንኳን ተከሉ፤ ጠመንጃ፣ ሽጉጥ፣ ሁለት መድፍም ይዘዋል። እርስ በርስ የሚለዩት በነጭ ጥብጣብ ነበር። ማታ ተቆጥረው ለሎረንስ ከሚያስፈልገው በላይ መሆናቸው ሲታይ፣ ትርፉ ወደ ሌሎች ጣቢያዎች ተላከ። በማግስቱ ሎረንስ ላይ 1,034 ድምፅ ተሰጠ፤ በቆጠራው የወረዳው መራጭ 369 ነበር።

የተጠቃው ቦታ መሐላው ነው። ሪደር ባወጣው ደንብ ምርጫ አስፈጻሚዎቹ ድምፅ የሚሰጠው ሰው ነዋሪነቱን በመሐላ እንዲያረጋግጥ ማድረግ ይችሉ ነበር። ስለዚህ በየጣቢያው የመጀመሪያው ጥያቄ «መሐላውን ተዉት» የሚል ሆነ። እሺ ያሉት ቆዩ፤ እምቢ ያሉት ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። ብሉሚንግተን በሚባለው ጣቢያ ሳሙኤል ጆንስ ሰዓቱን አውጥቶ አስፈጻሚዎቹ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሥራ እንዲለቁ አዘዘ። አስፈጻሚዎቹ ሲለቁ ወይም ሳይመጡ ሲቀሩ የተሰበሰበው ሰው በቦታቸው ሌላ መምረጥ ይችላል የሚል አንቀጽ ነበረ፤ የተሰበሰበው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። በዚህ መንገድ ኮሮጆ መገልበጥ ሳያስፈልግ ሕጋዊ ፊርማ ያለበት ሕጋዊ የሚመስል ውጤት ተገኘ። ጆንስ ከወራት በኋላ ሎረንስ የምትገኝበት የዳግላስ አውራጃ ሸሪፍ ሆኖ ተሾመ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር በእኔ ግምት ከወረራው ይበልጥ ወሳኝ ነው። ሪደር ለተቃውሞ የሰጠው ጊዜ ጥቂት ቀን ብቻ ነበር። መንገድ በሌለበት፣ ወንዝ በሞላበት፣ ማስፈራሪያ ባለበት አገር ምስክር ፈልጎ፣ አስምሎ፣ አቤቱታ ጽፎ፣ በፈረስ ገዥው ዘንድ መድረስ ቀላል አይደለም። አቤቱታ በደንቡ መሠረት የደረሰው ከስድስት ወረዳዎች ብቻ ስለነበር በእነሱ ብቻ ምርጫው ተሰርዞ በግንቦት 22 እንዲደገም አዘዘ። ለቀሩት ማረጋገጫ ሰጠ። ማረጋገጫ ከወጣ በኋላ ነገሩ ከእጁ ወጣ፤ እንደ አሜሪካ ምክር ቤቶች ሥርዓት እያንዳንዱ ምክር ቤት የገዛ አባላቱን ምርጫ ዳኛ ነውና። ምክር ቤቱ በሐምሌ 2 ፓውኒ በምትባል ስፍራ ሲሰበሰብ በድጋሚው ምርጫ ያሸነፉትን ነፃ ግዛት ፈላጊዎች አስወጥቶ የመጋቢቱን አሸናፊዎች መለሰ። ከዚያም ከሚዙሪ ድንበር ጥግ ወዳለው የሾኒ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተዛወረ። ሪደር ዝውውሩን ሲቃወምና ሕጎቹን ሲሽር ፒርስ ከሥልጣን አነሳው፤ ለመነሻ የተጠቀሰውም የመሬት ንግዱ ነበር።

ይህ ምክር ቤት የሚዙሪን የሕግ መጽሐፍ እንዳለ ወስዶ በብዙ ቦታ «ስቴት» የሚለውን በ«ቴሪቶሪ» ለወጠ። በባርነት ጉዳይ ላይ ግን ከሚዙሪም የከፋ አወጣ። የባሪያ ዓመፅ ያነሳሳ በሞት ይቀጣል። ባሪያ ያኮበለለ በሞት ወይም ቢያንስ በ10 ዓመት ከባድ የጉልበት እስራት ይቀጣል። «በዚህ ቴሪቶሪ ሰው ባሪያ የመያዝ መብት የለውም» ብሎ በቃል የተናገረ ወይም የጻፈ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይታሰራል። ባርነትን በኅሊናው የሚቃወም ሰው በእነዚህ ክሶች ዳኝነት ላይ እንዳይቀመጥም ተደነገገ። የሕዝብ ሉዓላዊነት ማለት ሕዝቡ ተከራክሮ ይወስን ማለት ነበር፤ ሕጉ በሥራ ላይ በዋለበት በመስከረም 15 ቀን 1855 ክርክሩ ራሱ ወንጀል ሆነ።

እነዚሁ ሰዎች ለራሳቸው ወለል አድርገው የከፈቱትን በር ከገቡ በኋላ ዘጉት። የምርጫ ሕጋቸው ረጅም የመኖሪያ ጊዜ አልጠየቀም፤ ግብር የከፈለ ነዋሪ ይበቃል። የራስ ግብሩ አንድ ዶላር ነው፤ ሰብሳቢውም በምክር ቤቱ አሠራር የተሾመው ሸሪፍ። ከዚያም መራጩ ሲጠረጠር የሸሸ ባሪያን የማስመለስ ሕግ እደግፋለሁ ብሎ እንዲምል ያስገድዳል። ባርነትን የሚጠላ ነዋሪ በመሐላው ይሰናከላል፤ ለአንድ ቀን የተሻገረ ሚዙሪ ግን ዶላሩን ከፍሎ ያልፋል። ስለ መራጭ ማጣሪያ ሕግ ሲነገር የምንጠይቀው ጥያቄ ከዚህ ይነሳል፤ ማጣሪያው ማንን ያስቀራል? ያረቀቀው ሰውስ እንዴት ገባ?

ነፃ ግዛት ፈላጊዎቹ ምክር ቤቱን «የሐሰት ምክር ቤት» ብለው አንታዘዝም አሉ። በቶፒካ ጉባኤ ጠርተው ባርነትን የሚከለክል ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ በታኅሣሥ 15 ቀን 1855 1,731 ለ46 በሆነ ድምፅ ጸደቀ። ቻርልስ ሮቢንሰን አገረ ገዥ ተባለ። አንድ ምድር ሁለት መንግሥት ኖራት። በዚያው ዕለት ግን ሌላም ጥያቄ ቀርቦ ነበር፤ ነፃ የሆኑ ጥቁሮች ወደ ካንሳስ እንዳይገቡ ይከልከሉ? 1,287 አዎ፣ 453 አይደለም። ይህን ማለፍ አይገባም። ከኦሃዮና ከኢንዲያና የመጣው ገበሬ በብዛት ባርነትን የጠላው ጎረቤቱ ባለ ብዙ ባሪያ ባለጸጋ እንዳይሆንበት ነው፤ ጥቁር ጎረቤትም አልፈለገም። የሰውን ሰውነት አይቶ ባርነትን የተቃወመ ነበረ፤ ብዛቱ ግን አልነበረም።

የፒርስ መንግሥት ለሾኒው ምክር ቤት ዕውቅና በመስጠቱ የቶፒካዎቹ እንቅስቃሴ እንደ ዓመፅ ተቆጠረ። በግንቦት 21 ቀን 1856 ሸሪፍ ጆንስ የሚመራው ጦር ሎረንስ ገብቶ ሆቴሉን በመድፍ ደብድቦ አቃጠለ፤ ማተሚያ ቤቶቹን አፈረሰ። በሦስተኛው ሌሊት ባርነትን በጦር መሣሪያ ይዋጋ የነበረው ጆን ብራውንና ተከታዮቹ በፖታዋቶሚ ጅረት አምስት የባርነት ወገን ሰዎችን ከቤታቸው አውጥተው በሰይፍ ገደሉ። በ1858 ደግሞ በማረ ደ ሲን ከሚዙሪ የተሻገረ ቡድን 11 ሰው አሰልፎ ተኩሶ አምስቱን ገደለ። ሁሉንም የግድያ መዝገብ አንድ በአንድ ያጣራ ጥናት እስከ 1861 በፖለቲካ ምክንያት የሞቱት 56 መሆናቸውን ይናገራል። ቁጥሩ ከዝናው ያነሰ ነው፤ በጥቂት ሺህ ቤተሰብ መካከል ግን 56 ሞት ማንም ሳይታጠቅ እርሻው እንዳይወጣ ለማድረግ በቂ ነበር።

የተሻለው አገረ ገዥ የመጣው በ1857 ነው። ሮበርት ዎከር የሚሲሲፒ ሴናተር የነበረ የደቡብ ሰው ነው፤ ባርነትን የሚጠላ አልነበረም። ለነፃ ግዛት ወገን ግን አንድ ቃል ገባ፤ ምርጫው ንጹሕ ይሆናል፣ ወጥታችሁ ምረጡ አለ። በጥቅምት ወር ወጡ። ውጤቱ ሲመጣ ስድስት ይሁን አሥር ቤት የማይሞላባት፣ ሚዙሪን የምታዋስነው ኦክስፎርድ 1,628 ድምፅ ላከች። ስሞቹ በአንድ እጅ ጽሕፈት የተሞሉ፣ ርዝመቱ 50 ጫማ የሚያህል ጥቅል ወረቀት ነበር፤ ብዙዎቹ ስሞችም ከሲንሲናቲ ከተማ የስም ማውጫ የተገለበጡ ሆነው ተገኙ። ማጊ ከሚባለው ሩቅ አውራጃም ከ1,200 በላይ ድምፅ መጣ። ዎከር ከጸሐፊው ፍሬደሪክ ስታንተን ጋር ቦታው ድረስ ሄዶ አየ፤ ከዚያም ሰነዶቹ በሕጉ የተጠየቀው የአስፈጻሚዎች መሐላ የሌላቸውና ቅርጻቸው የተዛባ ነው ብሎ ውጤቱን ጣለው። ምክር ቤቱ ወደ ነፃ ግዛት ወገን ዞረ።

በሪደርና በዎከር መካከል ያለውን ልዩነት ልብ ይሏል። ሪደር አቤቱታ እስኪመጣለት ጠበቀ። ዎከር ማረጋገጫውን ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱን ራሱ መረመረ። ሕጉ ያው ነበር፤ ማጭበርበሩም ያው። የተለወጠው የማስረዳት ሸክሙ የወደቀበት ወገን ነው።

የባርነት ወገን ምክር ቤቱን ቢያጣም ሕገ መንግሥት የማርቀቅ ጉባኤው በእጁ ነበር። የጉባኤው አባላት የተመረጡት በሰኔ 1857 ሲሆን የመራጮች ምዝገባ በበርካታ አውራጃዎች ጨርሶ አልተካሄደም፤ ከ9,000 በላይ ከተመዘገበው መራጭም የወጣው ወደ 2,200 ነው። በለኮምተን የተጻፈው ሕገ መንግሥት የባሪያ ባለቤትነት መብት ከማንኛውም ሕገ መንግሥት በፊትና በላይ ነው አለ። ለሕዝብ የቀረበው ምርጫ ደግሞ ወጥመድ ነበር፤ «ሕገ መንግሥቱ ከባርነት ጋር» ወይም «ሕገ መንግሥቱ ያለ ባርነት»። ሕገ መንግሥቱን ራሱን አልፈልግም ማለት አይቻልም። «ያለ ባርነት» የሚለው ቢያሸንፍ እንኳ ቀድሞ የገቡት በባርነት ይቆያሉ።

በታኅሣሥ 21 የነፃ ግዛት ወገን ቤቱ ቀረ፤ 6,226 «ከባርነት ጋር»፣ 569 «ያለ ባርነት» ተባለ፤ ከመጀመሪያው ውስጥ 2,720 ያህሉ ሐሰት መሆኑ በኋላ ታወቀ። አዲሱ ምክር ቤት በጥር 4 ቀን 1858 ሦስተኛ አማራጭ ያለበት ድምፅ ሲያሰጥ 10,226 ሰው ሕገ መንግሥቱን እንዳለ ጣለው። ብዙም ሳይቆይ የተጭበረበሩ የምርጫ ሰነዶች በለኮምተን በቀያሾች ጽሕፈት ቤት አጠገብ በእንጨት ክምር ሥር በሻማ ሣጥን ተቀብረው ተገኙ።

ፒርስን የተካው ፕሬዚዳንት ቡካናን ይህን ሁሉ እያወቀ የለኮምተንን ሕገ መንግሥት ለኮንግረስ ላከ። ሴኔቱ 33 ለ25 አሳለፈው። በዚህ ጊዜ ዳግላስ ከገዛ ፓርቲው ፕሬዚዳንት ተለየ፤ ባርነትን ጠልቶ አልነበረም፣ ሕዝቡ ያልመረጠውን መጫን የሕዝብ ሉዓላዊነትን መግደል ነው ብሎ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት 120 ለ112 አልፈቀደም። ሕገ መንግሥቱ ከመሬት ስጦታ ጋር ታስሮ ተመልሶ ለካንሳሶች ቀረበ፤ ከተቀበሉ ወዲያው ክፍለ ግዛት ይሆናሉ፣ እምቢ ካሉ ሕዝባቸው ወደ 93,000 እስኪደርስ ይጠብቃሉ። በነሐሴ 2 ቀን 1858 11,300 እምቢ፣ 1,788 እሺ አሉ። በዋያንዶት የተረቀቀው ባርነትን የሚከለክል ሕገ መንግሥት በጥቅምት 1859 10,421 ለ5,530 ጸደቀ፤ ደቡቦቹ ከሴኔቱ መውጣት ሲጀምሩ በጥር 29 ቀን 1861 ካንሳስ 34ኛዋ ክፍለ ግዛት ሆነች። የ1860 ቆጠራ በመላው ካንሳስ በባርነት የተያዘ ሁለት ሰው ብቻ መዘገበ።

ወደ ዛሬው ክርክር ስንመለስ፣ ከላይ ካየነው ማጭበርበር መካከል ግለሰብ ተደብቆ፣ ፈርቶ፣ በሐሰት መታወቂያ ብቻውን የሠራው የለም። ጣቢያውን የያዙ፣ ቆጣሪውን የቀየሩ፣ ሰነዱን የጻፉ፣ ከላይም ጥበቃ የነበራቸው ሰዎች ናቸው የሠሩት። የ2013ቱ የካንሳስ ሕግ ግን ሙሉ ክብደቱን የጣለው ፎርም በሚሞላው ግለሰብ ላይ ነው። 39 ሰው ለመያዝ 31,000 ሰው ደጅ የሚያስቀር መረብ ችግሩን በተሳሳተ በር ሲጠብቅ የዋለ ዘብ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ሄዶ የአሜሪካን ዜግነት ያገኘ ሰው ይህ ቢመለከተው አይገርምም፤ በዚያ ያልተወለደ ሰው በእጁ ያለው ማስረጃ አንድ ሰርተፍኬት ወይም አንድ ፓስፖርት ነው።

በዚህ ሁሉ ቆጠራ ውስጥ ድምፃቸው ያልተጠየቀ ሰዎች በእግራቸው ወሰኑ። ከሚዙሪ ድንበር ተሻግረው በሎረንስና በቶፒካ በኩል በአይዋ አድርገው ወደ ካናዳ ያመለጡ ብዙ ናቸው። በታኅሣሥ 1858 ጆን ብራውን ከሚዙሪ ያወጣቸው 11 ሰዎች በብርዱ ወራት ከ1,000 ማይል በላይ ተጉዘው ካናዳ ሲገቡ 12 ነበሩ፤ በመንገድ ላይ ልጅ ተወልዷል።

የዋያንዶት ሕገ መንግሥት ባርነትን ቢከለክልም የመምረጥ መብትን ለነጭ ወንዶች ብቻ ነበር የተወው። በኅዳር 1867 ካንሳሶች «ነጭ» የሚለው ቃል ከመራጭነት መስፈርት ይውጣ አይውጣ ተብለው ተጠየቁ፤ 10,483 ይውጣ፣ 19,421 አይውጣ አሉ። በዚያው ዕለት የሴቶች የመምረጥ መብትም ቀርቦ ወደቀ። ጥቁር ወንዶች በካንሳስ ድምፅ መስጠት የቻሉት የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት 15ኛ ማሻሻያ በ1870 ሲጸድቅ ነው።